ኮፈኑን የመቁረጥ ጉዳይ

የሚስቴ ታናሽ ወንድም በዚህ ከተማ ውስጥ መንዳት የሚችለው አንዲት መኪና ብቻ ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም፤ መቀሌ ውስጥ የሚርመሰመሰው መኪና ደግሞ፣ ከሚኒባሱ እስከ ጭነቱ፣ አብዛኛው በግራ እግር ፍሪሲዮን የሚረገጥበት ነው። የኛ ቤት መኪና ግን ኦቶማቲክ ናት። ነዳጅና ፍሬን ብቻ አላት፣ ሁለቱም የቀኝ እግር ሥራ ናቸው። አሜሪካ የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ጡንቸኛ ናት፤ ከግቢያችን ስትወጣ አፍንጫዋ ከሹፌሩ በፊት አስፋልት ይደርሳል። አማቴ በወጣትነታቸው ከአንድ ነጋዴ ገዟት፤ ነጋዴው ደግሞ አስመራ ከነበሩ አሜሪካኖች እንደገዛት ይወራል። በጦርነቱ ጊዜ ጎማዎቿን አውልቀው በድንጋይ ላይ አቆሟትና ዶሮ አሰፈሩባት። ግቢያችን የገባ ሁሉ የዶሮ ቤት አይቶ ወጣ። ዛሬም ፀሐይ ሲበረታ የኋላ ወንበሯ ዶሮ ዶሮ ይሸታል።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለ ሞተር አስተምራለሁ፣ ከሚስቴ ወላጆች ጋር በአንድ አጥር እኖራለሁ። አማቴን እንደ ቤተሰቡ ሁሉ አቦይ እላቸዋለሁ፣ ባለቤታቸውን አደይ። የሚስቴ ወንድም እኔን መምህር ይለኛል። መጀመሪያ ለክብር መስሎኝ ነበር፤ ሲቆይ ገባኝ፣ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው።

ጠዋት ጠዋት እኔን ወደ ግቢው ያደርሰኛል። ተመልሶ እህቱን ቃላሚኖ አካባቢ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ይወስዳል፣ ከዚያ አደይን ወደ ገበያ። ከሥራ ስንወጣ እንደገና ይለቅመናል። ይህ ሥራው ነው፣ ሌላ የለውም። እግሩን አጥቶ ከተመለሰ በኋላ መኪናዋ ተነስታ ጎማ እስኪገባላት ድረስ ከክፍሉ አይወጣም ነበር፤ ምግብ እንኳ በር ላይ ነበር የሚቀመጥለት። መሪ የጨበጠ ዕለት ፀጉሩን ተስተካከለ። ስለዚህ መኪናዋ ከቆመች እሱም ይቆማል። በቤታችን ይህን ሳያውቅ የሚተኛ ሰው የለም።

ችግሩ ትንፋሿ ነው። መቀሌ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ አየር የተሠራ ሞተር እዚህ ሲመጣ ይተነፍሳል እንጂ አይጠግብም። ሮማናት አደባባይን ስትዞር ግርማ ሞገሷ አይጣል ነው፤ ወጣቶች ካፌ በር ላይ ቆመው ያዩዋታል። የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ስትጀምር ግን ማቃሰት ትጀምራለች። ባጃጅ ያልፋታል። ሦስት ተማሪ የጫነ ባጃጅ።

በዚያ ላይ ነዳጅ። ማደያ ሲደርቅ፣ እሱም የሚደርቀው ብዙ ጊዜ ነው፣ የምንገዛው ከመንገድ ዳር በጀሪካን ነው፤ ሻጩ እንዲበረክትለት ላምባ ይቀላቅልበታል። እኛም ቤት ስንደርስ እንዲበረክትልን ትንሽ እንጨምርበታለን። በመንግሥት መጽሐፍ የተፈቀደ አይደለም፣ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። መኪናዋ ይህን ሁሉ ጠጥታ የምትሄደው ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ትንፋሽ ስለሚያጥራት ነው። ላምባ ያለበት ቤንዚን በደንብ ከተጨመቀ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል፣ ፒስተን ይበሳል። የኛዋ ግን ለመጨመቅ የሚበቃ አየር አታገኝም። ማቃሰቷ ነው ያኖራት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የሚስቴ ወንድም ስልኩን አውጥቶ በየተራ አሳየን። አዲስ አበባ ያለ የሩቅ ዘመዳቸው ሁለት ያገለገሉ ሱፐርቻርጀሮች አግኝቶ ፎቶ ልኮለታል። ሱፐርቻርጀር ሞተሩ ራሱ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ የሚያዞረው መጭመቂያ ነው፤ አየሩን ወደ ውስጥ በግድ ይጎሰጉሳል። አንደኛው ወፍራምና አራት ማዕዘን ነው፣ ሞተሩ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይገፋል፣ ግን ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ኮፈኑ መሐሉ ላይ መቆረጥ አለበት። ሁለተኛው እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው፣ ከጎን ይታሰራል፣ ኮፈን አይነካም፤ ሞተሩ በጣም ካልጮኸ ግን አይነቃም።

«የቱ ይሻላል?» አለ።

አደይ ፎቶውን ራቅ አድርገው አዩት። «ጽቡቕ ነው ወደይ» አሉ። ጽቡቕ ጥሩ፣ ወደይ ልጄ ማለት ነው። አቦይ ጽቡቕ ነው አሉ። ሚስቴም ያንኑ አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አጥንቼ እነግርሃለሁ» አልኩ። የመምህር ማምለጫ ይህ ነው።

ከተመለሰ ወዲህ በዚያ ቤት ለሱ እምቢ ተብሎ አያውቅም። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም፣ እንዲሁ ሆነ። የጎረቤት ሠርግ ላይ አንሄድም ሲል ሁላችንም ቀረን። የግቢው ውሻ ጩኸቱ ያስጠላኛል ሲል ውሻው ለዘመድ ተሰጠ፣ አቦይ ከቡችላነቱ ጀምረው ያሳደጉት ውሻ። ምሳ በአሥር ሰዓት ይሁን ሲል በአሥር ሰዓት ሆነ፤ እኔ ከሥራ ርቦኝ መጥቼ ሰዓቴን እያየሁ ስቀመጥ ሚስቴ በክርኗ ትነካኛለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር፣ ይሸተኝ ነበር።

ከምሳው በኋላ አደይ ጓሮ ጠሩኝ። «ወደይ፣ አንተ ንገረው። እኔ እምቢ ካልኩት ይከፋዋል። ያንተን የትምህርት ነው ይላል።»

እሺ ብዬ ስወጣ አቦይ መኪናዋን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ጨርቁን ኮፈኑ ላይ እያዞሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ሞተሩ አይቃጠልም እንዴ?» አሉኝ።

«ይቃጠላል አቦይ። በዚህ ነዳጅ ይቃጠላል።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኛል።»

«ታዲያ ይንገሩት እንጂ። መኪናዋ የእርስዎ ናት።»

ጨርቁን አጥፈው በሌላው ገጽ መወልወል ጀመሩ። «እግሩን የሰጠ ልጅ ነው። ስለ ብረት ነው እንዴ የምከራከረው?» አሉ።

ለሚስቴ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንተማ እንዳትናገረው» አለችኝ። «ማንም ይናገረው፣ አንተ ግን አይሆንም።»

ለምን እንደሆነ አላብራራችም፤ ማብራራትም አያስፈልጋትም ነበር። እግሩ የቀረው በዚያ ጦርነት ነው። ጦርነቱ ሲጀመር እኔ ለእናቴ ሕመም ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር፣ መንገዱ ተዘጋና እዚያው ቀረሁ። ጠመንጃ አልነካሁም። እናቴ ቤት ተቀምጬ የማይሠራ ስልክ ስደውል ነው የከረምኩት። ግን ከወዲያ ማዶ ነበርኩ፣ ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው የሚበላውን በልቼ፣ የሚተኛበት ተኝቼ። መንገዱ ተከፍቶ ስመለስ የግቢውን በር የከፈተልኝ እሱ ነው፣ በክራንች። ስለ እግሩ ማንም አልነገረኝም ነበር። ወደ ታች ማየቴን አየ። «እንኳን ደህና መጣህ መምህር» አለኝ፣ ሻንጣዬንም ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጠየቀኝን ሁሉ እሺ እላለሁ። ከእናቱ አፍ የወጣ እምቢ የእናት ነው። ከእኔ አፍ የሚወጣው የማን እንደሚመስል ፈራሁ።

እንግዲህ እናት ተናገር ትላለች፣ ልጅ እንዳትናገር ትላለች፣ አባት መኪና ይወለውላሉ። ክፍል ውስጥ ሃምሳ ተማሪ ፊት አንደበቴ የማይያዝ ሰው፣ ቤቴ ገብቼ የምናገረው ጠፋኝ።

ያደረግኩት ነገር ቢኖር ማዘግየት ነው። ቺንጋው የሚዞርበትን የፑሊውን ስፋት ለካልኝ አልኩት። ከሰዓት በኋላ ለክቶ መጣ። በሞተሩና በኮፈኑ መካከል ያለውን ክፍተት አልኩት። ያለ ክራንች፣ ራዲያተሩን ተደግፎ፣ ክንዱ እስከ ብብቱ ግራሶ ሆኖ ለካው። የራዲያተሩን አቅም፣ የቺንጋውን መሥመር፣ የካርቡሬተሩን ዓይነት ጠየቅኩት። ይሰለቻል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከተመለሰ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ማታ ማታ ክፍሌ ድረስ መጥቶ ሌላስ ምን ልለካ ይለኛል። ሰውን በገዛ ገመዱ ማሰር ይሉሃል፣ ገመዱን የፈተልኩት እኔ ነኝ።

መካኒኩን ተስፋ አድርጌ ነበር። ጋራዡ ወስዶኝ ሦስታችን ኮፈኑን ከፍተን ቆምን። መካኒኩ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ደንበኛውን ሁሉ ሲቆጣ የሚውል። ፎቶውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ወደ እኔ አየ። አሁን ይናገራል አልኩ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ክራንቹ ወረደ።

«እሱ ካለ ይቆረጣል» አለና ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ኮፈኑ መሐል ላይ አራት ማዕዘን አሠመረ።

ያን ሳምንት በሙሉ የጠመኔውን አራት ማዕዘን ኮፈኑ ላይ ይዘን መቀሌን ዞርን። በየትራፊክ መብራቱ ስንቆም ሰዎች ምንድን ነው ብለው ይጠይቁታል፤ «ቱርቦ ሊገባላት ነው» ይላል፣ ሱፐርቻርጀር ማለት ሰልችቶት። «በርታ» ይሉታል። በከተማው ውስጥ አንድም ሰው አልተቃወመውም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው፤ ቤቱ አንሶን ከተማው ተጨመረ።

አንድ ጠዋት ወደ ግቢው ስንወጣ፣ ዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ እንደ ልማዷ ማቃሰት ጀመረች። ከውስጧ ሰሞኑን የመጣ ደቃቅ ኳኳታም ይሰማል፤ ጀሪካኑ ከወትሮው የባሰ ነበር። ባጃጅ በግራችን አለፈን፣ አንዷ ተማሪ አውቃኝ በእጇ ሰላም አለችኝ። የሚስቴ ወንድም ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ።

«አጠናህ?» አለ።

«አጠናሁ።»

«የቱ ይሻላል?»

«አናት ላይ የሚቀመጠው» አልኩ። መናገር ጀመርኩ፤ አፌ ከያዘው በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ከተማ ውስጥ ሞተሩ ስለማይጮህ የጎኑ እንደማይጠቅም፣ ዳገት ከታች ጀምሮ የሚገፋ እንደሚፈልግ፣ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና የላይኛው እንደሚሻል፣ ስለ ፑሊው፣ ስለ ቺንጋው። ሁሉም እውነት ነበር። ሕይወቴን በሙሉ እንደዚያ ጥሩ አድርጌ አስተምሬ አላውቅም።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ነዳጁስ?» አለ።

«ነዳጁ ምን ሆነ?»

«መምህር፣ ነዳጁ።»

በመስታወቱ ወደ ውጭ አየሁ።

«ተማሪህ ይቺን ሞተር ይዞ ቢመጣ» አለ፣ «ላምባ ነው የማጠጣት፣ ይህን ልግጠምባት ቢልህ፣ ምን ትለዋለህ?»

«አይሆንም እለዋለሁ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

እጆቹን መሪው ላይ አሳረፈ። አማርኛው ሲናደድ ይጠጥራል፣ ሐው ከጉሮሮው ይወጣል። «እኔንስ ለምን አላልከኝም? አደይ እሺ አለችኝ። አቦይ እሺ። እሕቴ እሺ። ያ መካኒክ ሰው ሲሰድብ ነው የሚውለው፣ ለኔ ጠመኔ አወጣ። አንተ ደግሞ ፑሊ አስለካኸኝ። ሔሊኮፕተር ልግዛ ብላችሁስ? ክንፉን ልለካ ነበር? እንደሚሞት ሰው ነው እኮ የያዛችሁኝ። ሊሞት ነው፣ ያለውን ሁሉ አድርጉለት።»

ሙሽራ ፊት እንደቆመ ሰው እጄን የማደርግበት ጠፋኝ፤ የበሩን እጀታ ያዝኩ። እንዲህ አቅም ያጣሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

«አይሆንም» አልኩት በመጨረሻ። ድምፄ ቀጭን ነበር።

«ምን?»

«አይሆንም። ሞተሩ ይበሳል። ኮፈኑም አይቆረጥም።»

የሚፈልገው ይህን ከሆነ ይስቃል፣ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር እኮ። የኔ ሞኝነት። ሱፐርቻርጀሩን ከልቡ ይፈልገው ነበር። ፊቱ ጠቆረ። ዳገቱን አሻግሮ አየና «ውረድ» አለኝ።

ወረድኩ። የቀረውን ዳገት ከተማሪዎቼ ጋር በእግሬ ወጣሁ።

ምሳ ላይ፣ በአሥር ሰዓት፣ «መምህር ከለከለኝ» ብሎ ተናገረ። ሁሉም እጁን ከማዕዱ አነሳ። ጓሮ ጠርተው ንገረው ያሉኝ አደይ ጉንጫቸውን ይዘው፣ «ኧረ ወደይ፣ ምነው?» አሉኝ። አቦይ ተነስተው ወጡ። ሚስቴ አላየችኝም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ወዴት ልመልሰው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ወደ ሥራ የምወጣው በባጃጅ ሆነ፤ ወጣት ሹፌሩ ዳገቱ ላይ ቀዝቃዛውን አየር እየሰነጠቀ ይሄዳል፣ ምንም አያቃስትም፣ እኔ ግን አረጀሁ። የመለያየት ነገር መጣ አልኩ። ሌላ ቤት ልከራይም አሰብኩ። እሱ በአጠገቤ ሲያልፍ በክራንቹ ነው የምለየው፣ ሰላም አይለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከግቢው ጩኸት ሰማን። እኔና ሚስቴ መስኮቱ ጋ ሄድን። አቦይ ውኃና ጨርቅ ይዘው ጠመኔውን ያጠፋሉ፤ ግማሹ ጠፍቷል። ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ተወው ይላል።

«አልተውም» አሉ አቦይ።

«ተወው ብያለሁ።»

«እኔ ደግሞ አልተውም ብያለሁ። ማኪናዋ የኔ ናት። ከአንተ በፊት ነው የገዛኋት።» ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወሩት፣ ውኃው ሱሪያቸው ላይ ረጨ። «ላምባ እያጠጣህ እሳት ልትጭንባት ነው? እብድ ነህ? ውሻዬንም መልስልኝ።»

እሱም ጮኸ። በትግርኛ ነበር፣ ከፍጥነቱ የተነሳ ግማሹ አልገባኝም። ልጅ እያለ ያልተገዛለት ብስክሌት ሁሉ የተነሳ መሰለኝ። አደይ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ከወጥ ቤት ሮጠው ወጡ። ሊገላግሉ ነው ስል ቆሙ። አልገላገሉም። የሊጡን እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው ይዘው እንደቆሙ ሁለቱን አዳመጡ።

ሚስቴ ትከሻዬ ላይ ግንባሯን ጣለች። «ድሮ እንዲህ ነበሩ» አለችኝ። «በየቀኑ ይጣሉ ነበር።» እያለቀሰች ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ባጃጅ ልፈልግ ስወጣ ክላክስ ተነፋ። መኪናዋ በር ላይ ቆማለች። ኮፈኗ ላይ የቀረው የጠመኔ ግማሽ አለ፤ አንዱ ጎን ብቻ፣ ማዕዘኑ የጠፋ። ገባሁ። ሮማናትን ዞርን፣ ወደ ዳገቱ ታጠፍን፣ አቃሰተች፣ ባጃጅ አለፈን። የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ አቆመ።

ከዚያ ምሳ ጀምሮ ሲያብሰለስለኝ የነበረውን እኔው ጀመርኩ። «ነዳጁ የጠራ ዕለት» አልኩት፣ «ያኔ ይቻላል። የላይኛውን እንገጥመዋለን። ያኔ ኮፈኑ ይቆረጥ።»

ዞር ብሎ አየኝ።

«አይሆንም» አለኝ። «ማኪናዋ የአቦይ ናት።»

ደብተሬን አንስቼ ወረድኩ። እሱ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ፣ ነዳጅ እንዲተርፍ፣ ቁልቁለቱን ለቀቃት፤ እኔም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለነበረኝ ገባሁ።